ለጣናና ለዘንገና የውኃ ውስጥ ፎቶ፦ የሌንስና የመብራት ጥቆማ

ሰሞኑን አንድ የባሕር ዳር ልጅ «ውኃ ውስጥ ፎቶ ለማንሳት የትኛውን ሌንስ ልግዛ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም መልሼ «የት ልታነሳ?» አልኩት። የጣና ሐይቅና እንጅባራ አጠገብ ያለው የዘንገና ሐይቅ የሚፈልጉት ዕቃ ይለያያልና።

ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ክረምት ላይ ግልገል ዓባይና ሌሎቹ ወንዞች የእርሻ አፈር ይዘውበት ይገባሉ። በበጋም ነፋስ ሲነሳ የተኛው ደለል ይታወካል። ፎቶውን የሚያበላሸው በእናንተና በዓሣው መካከል ያለው ድፍርስ ውኃ ስለሆነ፣ ሌንስ ስትመርጡ ምን ያህል እንደሚያስጠጋችሁ እዩ። ለትንንሽ ነገር ባለ 60 ሚሊ ሜትር ማክሮ (ትንንሽ ነገርን በቅርብ አጉልቶ የሚያነሳ ሌንስ) እመርጣለሁ። ባለ 100ው በጠራ ባሕር ግሩም ነው፤ ጣና ላይ ግን ራቅ ብሎ ስለሚያነሳ ጉም የለበሰ ፎቶ ይሰጣችኋል። አምባዛንና ቆረሶን ሙሉ አካላቸውን ለማንሳት ፊሽአይ (እጅግ ሰፊ እይታ ያለው ሌንስ) ከዶም ጋር፣ ማለትም በካሜራው ውኃ የማያስገባ ሳጥን ፊት ከሚገጠም ጉልላት መሰል መስታወት ጋር ይሻላል። በጠፍጣፋ መስታወት በኩል ሁሉም ነገር በሲሶ ገደማ ገዝፎ ይታያል፣ የሌንሱም እይታ ይጠባል፤ ዶሙ ይህን ያስቀራል። ቅርብ ላይ ፎከስ የማያደርግ ሌንስ ግን ለዶም አይሆንም።

አቅም ለሚያጥረው ኦሊምፐስ ቲጂ 6 የተባለችውን ትንሽ ካሜራ ከልቤ እጠቁማለሁ። ያለ ተጨማሪ ሳጥን እስከ 15 ሜትር ይገባል፣ እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ድረስም ተጠግቶ ያነሳል። ጎፕሮ ለቪዲዮ መልካም ነው፤ ለትንንሽ ነገር አልመክረውም።

ወደ መብራቱ ስንመጣ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ካሜራው ላይ ያለው ፍላሽ ፊት ለፊት ያለውን ደለል ስለሚያበራ ፎቶው ማኛ ጤፍ የተበተነበት ይመስላል። ሁለት ፍላሽ በረጃጅም ክንዶች ግራና ቀኝ አርቃችሁ፣ ከመስታወቱ ትንሽ ወደ ኋላ ስባችሁ፣ ፊታቸውን ወደ ውጭ ዘንበል አድርጉት። ኃይለኛ ፍላሽ ከመግዛት ይህን አቀማመጥ መልመድ ይበልጣል። ከፍላሾቹ ኢኖን ዜድ 330ን የምወደው በ4 ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ስለሚሠራ ነው፤ መብራት በጠፋ ቀን ከየትኛውም ሱቅ ታገኛላችሁ። የቪዲዮ መብራት ለፎከስ ማገዣ ብቻ ይበቃል።

ዘንገና ሌላ ነው። ወንዝ ጭቃ የማያመጣበት የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ስለሆነ በሰፊ ሌንስና በፀሐይ ብርሃን ብቻ ከላይኛው ውኃ ውብ ፎቶ ይወጣል። ወረድ ስትሉ ቀይ ቀለም ቶሎ ስለሚጠፋ አንድ ፍላሽ ያዙ። ዳርቻው ግን ገደል ነው፣ ብቻችሁን አትግቡ። ሁለቱም ሐይቆች ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆኑ፣ በአየር ጋን የሚጠልቅ ሰው ለባሕር ወለል በተሠራ የመጥለቂያ ሠንጠረዥ (በምን ጥልቀት ምን ያህል ጊዜ መቆየት እንደሚቻል በሚያሳየው) መመራት የለበትም። ጣና ዳር ደግሞ ቢልሃርዚያ አለ፤ ዓባይ በሚወጣበት በኩል ጉማሬም አለ።

ማጓጓዣን በተመለከተ፣ የሞተር ጀልባ ሩቅ ደሴት ድረስ ያደርሳችኋል፤ ጥልቀት በሌለው ዳር ግን ደለሉን ይቀሰቅሳል። የዘጌን ዳርቻ ለማንሳት በማለዳ፣ ነፋሱ ሳይነሳ፣ በደንገል ታንኳ ዓሣ ከሚያጠምድ ሰው ጋር መሄድን እመርጣለሁ። ዓሣው የሚውልበትን እሱ ያውቃል።

ያገለገለ ሃውዚንግ (ካሜራው የሚገባበት ውኃ የማያስገባ ሳጥን) የምትገዙ ከሆነ ለካሜራችሁ ሞዴል በትክክል የተሠራ መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ ካሜራውን ሳታስገቡ፣ ሶፍት ብቻ ከታችሁበት ለግማሽ ሰዓት ውኃ ውስጥ አቆዩት። የጎማ ቀለበቱ ላይ በቀረች አንዲት ፀጉር ምክንያት አንድ ሌንስ አጥቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ይህን ሳላደርግ ገብቼ አላውቅም።