ጥቆማ፦ መብራት ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ሶላር ላይ ባትሪ ለመጨመር ምን ይሻላል?

የሰሚቷ፦ ሰላም ቤተሰብ ጥቆማ ፈልጌ ነው። ወንድሜ ከጀርመን ሲመጣ ያገለገለ 4 ኪሎዋት ግሪድ ታይ ኢንቨርተር (የፓኔሉን ኃይል ለቤት ቀይሮ ከመብራት ኃይል መስመር ጋር አብሮ የሚሰራ ማሽን) ይዞልኝ መጣ፣ ፓኔሉን (8 ፍሬ ባለ 500 ዋት) እዚሁ ገዝተን ጣራ ላይ አሰቀልነው። ቀን ቀን ቆንጆ ይሰራል ግን መብራት ድርግም ሲል እሱም አብሮ ድርግም! ፀሐይ አናት እየበሳች እኔ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ስጋ እንዳይበላሽ እጨነቃለሁ። የገጠመልኝ ልጅ "ባትሪ ጣል አርጊበት ይስተካከላል" አለኝ፣ ልገዛ ስል ማሽኑ የባትሪ ቦታ የሚባል ነገር ጭራሽ የለውም። ባትሪ ከሚቀበሉት ኢንቨርተሮች ግሮዋት ይሻላል ዴዬ ወይስ ቪክትሮን? ወይስ ትንሽ ጀነሬተር ገዝቼ ልገላገል?

ኢንቨርተር ጠጋኙ፦ እህቴ ማሽንሽ ምንም አልሆነም፣ ሲሰራም እንደዚህ ተደርጎ ነው። ግሪድ ታይ የመብራት ኃይልን 220 ቮልት 50 ኸርዝ እያየ ነው የሚሄደው፣ መስመሩ ሲጠፋ እሱም ይጠፋል፣ ባይጠፋማ መብራት የለም ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሰራተኛ ከአንቺ ጣራ በሚሄድ ኮረንቲ ይያዝ ነበር። ጀነሬተሩን እርሺው፣ ትንሽ ጀነሬተር ላይ ግሪድ ታይ ማገናኘት አደጋ ነው፣ ቤቱ የማይፈጀው ትርፍ ኃይል ተመልሶ ጀነሬተሩ ላይ ነው የሚገባው።

ያለሽ ምርጫ ሁለት ነው። አንዱ የወንድምሽን ማሽን ሳትነኪ ከጎኑ የባትሪ ኢንቨርተር መጨመር፣ መብራት ሲጠፋ እሱ መስመር መስሎ ይቆምለትና ግሪድ ታዩ ስራውን ይቀጥላል። ለዚህ ቪክትሮን መልቲፕላስ 2 ባለ 5000 ቪኤው (ቪኤ የማሽኑ አቅም መለኪያ ነው) አሪፍ ነው፣ የግሪድ ታዩ ጉልበት ከመልቲፕላሱ ቪኤ መብለጥ የለበትም፣ ያንቺ 4 ኪሎዋት ስለሆነ ያልፋል። ዴዬ ሀይብሪድም (ፓኔል፣ ባትሪና መስመር በአንድ ማሽን የሚቀበል) የጀነሬተር መግቢያው ላይ ሴቲንግ ተቀይሮ ግሪድ ታይ ይቀበላል። ግሮዋት ኤስፒኤፍ 5000 ግን ለዚህ አልተሰራም፣ መውጫው ላይ ግሪድ ታይ እንዳታስገጥሚ።

እዚህ ላይ አንድ ጣጣ አለ። ባትሪው ሲሞላ ኢንቨርተሩ ኸርዙን ከፍ ያደርግና ግሪድ ታዩን "በቃ ቀንስ" ይለዋል። በጀርመን ደንብ የተሰሩት ከ2012 (በፈረንጅ) ወዲህ ያሉት ከ50.2 ኸርዝ በላይ ቀስ እያሉ ይቀንሳሉ፣ የድሮዎቹ ግን 50.2 ላይ ቀጥ ነው የሚሉት፣ ከዚያ መልሶ መነሳት መልሶ መጥፋት። ጎኑ ላይ ያለውን ወረቀት ፎቶ አንሽና ዓመቱን እይው።

አባ ባትሪ፦ ጠጋኙ ትክክል ነው ግን የባትሪውን ወጪ አልነገራትም! ቪክትሮን በዚህ መንገድ ሲገጠም ለ1.5 ኪሎዋት ፓኔል 4.8 ኪሎዋት ሰዓት ሊቲየም ይጠይቃል፣ ለ4 ኪሎዋት ወደ 13 ገደማ ማለት ነው። ባለ 51.2 ቮልት 100 አምፒር አንዱ ሊቲየም 5.12 ኪሎዋት ሰዓት ነው የሚይዘው፣ ሶስት ልትገዛ ነው እንዴ? ሐምሌ 2016 ላይ ዶላሩ ከተለቀቀ ወዲህ እኮ የዛሬ ወር የጠየቅነው ዋጋ ዛሬ የለም። ጄል ይረክሳል የሚልሽንም አትስሚ፣ አራት ባለ 200 አምፒር ጄል 9.6 ነው ግን ዕድሜ እንዲኖረው ግማሹን ብቻ ነው የምትጠቀሚው፣ ያው አንድ ሊቲየም መሆኑ ነው፣ ቶሎም ይሞታል።

ኢንቨርተር ጠጋኙ፦ አባ ባትሪ ልክ ነህ ወንድሜ፣ ሁለተኛውን ልጽፍ ነበር። ፓኔሎቹን ከግሪድ ታዩ ነቅሎ በቀጥታ ሀይብሪድ ውስጥ መክተት ነው። ያኔ አንድ ሊቲየም ለመነሻ ይበቃሻል፣ ሌላ ጊዜ ትጨምሪያለሽ። 8 ፓኔል በአንድ መስመር 400 ቮልት አካባቢ ይሰጣል፣ ግሮዋቱ ከ450 በላይ አይችልም፣ የህዳር ጠዋት ብርድ ላይ ቮልቱ ስለሚጨምር ከመግጠማችሁ በፊት የፓኔሉን ወረቀት አይታችሁ አስሉት። ብር ለመቆጠብ ግሮዋት፣ ነገ ለማስፋት ዴዬ፣ እኔ ብሆን ዴዬን ነው የምወስደው።

ጉርድ ሾላ፦ ቆጣሪሽ የካርድ ነው? አንዳንዱ ዲጂታል ቆጣሪ ወደ መስመር የሚመለሰውንም እንደ ፍጆታ ነው የሚቆጥረው፣ በራስሽ ፀሐይ ካርድ እያስበላሽ ሊሆን ይችላል። ዴዬ ከሆነ ዋናው ገመድ ላይ የሚታሰረውን ሴንሰር አስገጥመሽ ወደ መስመር እንዳይልክ አስዘጊው፣ ግሮዋት ኤስፒኤፍ መጀመሪያውኑም ወደ መስመር አይመልስም።

የጀሞ እናት፦ እኔ ስለ ኸርዝ አላውቅም የኔ ልጅ፣ ግን ምጣዱን ከባትሪው መስመር አስወጪው! እኛ አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሳናውቅ ስንጋግር አስረኛው እንጀራ ላይ ቤቱ በሙሉ ጨለመ። ምጣድ 3 ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይበላል አሉኝ። አሁን ምጣድና ቦይለር ለብቻ በመብራት ኃይል ነው፣ ፍሪጅ፣ መብራት፣ ዋይፋይ፣ ቲቪ በባትሪው።

የሰሚቷ፦ ወይኔ ቆጣሪው የካርድ ነው! ባለፈው ወር ካርዱ ቶሎ አለቀ ብዬ ሰራተኛዋን ስጨቀጭቃት ነበር። እማማ ምጣዱን ነገውኑ አስለያለሁ። ወረቀቱን አየሁት ጠጋኙ፣ 2010 (በፈረንጅ) ይላል፣ ስለዚህ ፓኔሎቹን ነቅዬ ዴዬ ከአንድ ሊቲየም ጋር። መርካቶ ነው ወይስ ቢሮ ያለው አስመጪ ጋ ልሂድ?

ኢንቨርተር ጠጋኙ፦ መርካቶ በዋጋ ይሻልሻል፣ ግን ዋስትናውን በወረቀት ላይ ከነማህተሙ ካልሰጡሽ ትንሽ ጨምረሽ አስመጪ ጋ ግዢ። ሊቲየሙና ኢንቨርተሩ በኬብል የሚነጋገሩ መሆናቸውን እዛው አብርተው ያሳዩሽ፣ "ቤት ስትገጥሚው ይሰራል" ካሉሽ ጥለሽ ውጪ።

የሰሚቷ፦ እሺ አመሰግናለሁ። ለወንድሜ ምን ብዬ እንደምነግረው ነው እንጂ የቸገረኝ፣ ያን ሁሉ ኪሎ በሻንጣ ተሸክሞት መጥቶ።