ለተደራረበ ጥርስ ሽቦ ወይስ ቬኒር? እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። 26 ዓመቴ ነው። የታችኛው የፊት ጥርሶቼ ተጨናንቀው ተደራርበዋል፤ ከላይም አንዱ ክራንቻዬ ወደ ውጭ ወጥቷል። ስስቅ አፌን በእጄ እሸፍናለሁ። ከመልኩ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ጽዳቱ ነው። ብሩሹ በመሃላቸው በደንብ አይገባም፤ ድዴም ይደማል።

አንድ ክሊኒክ «ሽቦ ረጅም ጊዜ ይፈጃል፤ ቬኒር (ጥርስ ፊት ላይ የሚለጠፍ ስስ ልባጥ) እንሥራልሽ፣ ቶሎ ያልቃል» አሉኝ። ሐሳቡ አልተዋጠልኝም። ቬኒር የጥርሱን ፊት ይሸፍናል እንጂ ከቦታው አያንቀሳቅሰውም። ለመለጠፍ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጠንካራው የጥርስ ሽፋን ይሞረዳል፤ የተሞረደው ተመልሶ አይበቅልም። ጤነኛ ጥርሴን ማስሞረድ በጣም ያሳሳኛል።

ሽቦ እንደ ጥርሱ ሁኔታ 1 ወይም 2 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። በየጊዜው ማስተካከያ አለው። ከወጣ በኋላም ጥርሱ ወደ ድሮው እንዳይመለስ ሪቴይነር የሚባል የጥርስ መያዣ ማድረግ ግድ ነው። ለዚህ ሁሉ አዲስ አበባ መመላለስ አቅሜ አይፈቅድም።

እዚህ ድሬ ወይም ሐረር ሽቦ የሚያስር ስፔሻሊስት የምታውቁ አላችሁ? ክፍያው በአንዴ ነው ወይስ በየቀጠሮው? ቦታ ለማስገኘት ጥርስ የተነቀለላችሁ ካላችሁም እንዴት እንደነበር ንገሩኝ። ድዴን አስቀድሜ ልታከም አስቤያለሁ፤ ቀጣዩን ግን ብቻዬን መወሰን አቅቶኛል።