ሂፕኖዬ ድሪም ኢተር ሲመታ አንዳንዴ ለምን ይከሽፋል? አጋታ ላይ ተቀርቅሬያለሁ

ፋየርሬድ_ልጅ፦

ሰላም ሰዎች እንዴት ናችሁ። ፖኬሞን ፋየርሬድን (ፖኬሞን የሚባሉ ፍጡራንን ይዘህ ምታፋልምበትን ጌም) በስልኬ ነው ምጫወተው፣ 8ቱንም ባጅ ሰብስቤ ኤሊት ፎር (መጨረሻ ላይ በተከታታይ ምትገጥማቸው አራት ሰዎች) ገብቻለሁ ግን ሦስተኛዋ አጋታ ጋ ስደርስ ነገር ሁሉ ይበላሽብኛል፣ በተሸነፍኩ ቁጥር ደግሞ እንደገና ከሎሬላይ ነው ሚጀምረው፣ ብሩኖን አልፌ እሷ ጋ እስክደርስ ሰዓቴ ያልቃል።

ጥያቄዬ ስለ ሂፕኖ ስለሚባለው ፖኬሞኔ ነው። ወደ ሂፕኖ ሳይቀየር ገና ድሮውዚ እያለ ሩት 11 ላይ ነው የያዝኩት፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ከቲሜ ወጥቶ አያውቅም፣ አሁን ሌቭል 52 ደርሷል። ድሪም ኢተርን (የተኛ ተጋጣሚ ላይ ብቻ ሚሰራ ሙቭ፣ ማለትም ጥቃት) ያስተማረልኝ ቪሪዲያን ሲቲ ያለው ሰውዬ ነው፣ ያ ዛፉን በከት ቆርጣችሁ ምትደርሱበት፣ ፀሐይ ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ ድሮውዚ ሕልሜን ሲበላ አየሁ የሚለው። እሱን ስሰማ በቃ ይሄ ሙቭ ለኔው ልጅ ነው ብዬ ወዲያው አስተማርኩት። ሳይኪክ የሚባለውን ሙቭ ሊማር ሲል ደግሞ ድሪም ኢተር አለኝ ምን ያደርግልኛል ብዬ አለፍኩት።

አሁን ሚሆነው እንዲህ ነው፣ በሂፕኖሲስ አስተኛለሁ፣ ድሪም ኢተር እመታለሁ፣ የመጀመሪያው አሪፍ ይመታል የኔም ኤችፒ (ሕይወት) ይሞላል፣ ሁለተኛው ወይ ሦስተኛው ላይ ግን ነቅቶ ይጠብቀኝና ሙቩ ከንቱ ይቀራል፣ በዛ ላይ ሻዶው ቦል ያቀምሰኛል። ስመታው ነው እንዴ ሚነቃው? ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለው? ላጥፋው ወይስ ላቆየው? ሰውዬው አንዴ ብቻ ነው ሚያስተምረው፣ ካጠፋሁት አለቀ።


ጌንጋር_ሰፈር፦

ወንድሜ መጀመሪያ ዋናውን ልንገርህ፣ መምታት አያነቃውም። ድሪም ኢተርም ይሁን ሌላ ተራ ሙቭ የተኛን ፖኬሞን አይቀሰቅስም። ፖኬሞኑ ገና ሲተኛ ጌሙ ስንት ተርን (ዙር) እንደሚተኛ በዕጣ ይወስናል፣ ያንን ቁጥር ላንተ አያሳይህም እንጂ ቀድሞ ተቆርጧል። ፋየርሬድ ላይ ከ1 እስከ 4 ተርን ነው ሚያልፈው፣ አራቱም እኩል ዕድል አላቸው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ተኝቶ ያለው ፖኬሞን ሚነቃው የራሱ ተራ ሲደርስ ነው። ያንተ ተራ ላይ አይነቃም። ስለዚህ ማን ይፈጥናል የሚለው ነው ሁሉን ሚወስነው። ሂፕኖ ስፒዱ 67 ነው፣ ሃውንተር 95፣ ጌንጋር 110፣ ጎልባት 90፣ አርቦክ 80። አየኸው? አጋታ ያሏት በሙሉ ካንተ ይፈጥናሉ። አንተ ድሪም ኢተርን ስትመርጥ ተኝቷል ብለህ ነው፣ ግን ካንተ በፊት ተራው ይደርሰዋል፣ ዕጣው ካለቀ እዛው ይነቃል፣ ይመታሃል፣ ከዛ ያንተ ድሪም ኢተር የነቃ ሰው ላይ ያርፋል። ፈጣን ብትሆን ኖሮ ግን እሱ ሚነቃው አንተ ከመታህ በኋላ ስለሆነ፣ በሚቀጥለው ተርን መንቃቱን አይተህ ሌላ ሙቭ ትመርጥ ነበር። ፈጣን ተጫዋች በዚህ ምክንያት ድሪም ኢተር አይከሽፍበትም፣ ዘገምተኛ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ነው ሚመርጠው።

ላንተ ሂሳቡ እንዲህ ይመጣል። ሂፕኖሲስ ከያዘ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ድሪም ኢተር አይከሽፍም፣ ቢያንስ 1 ተርን መተኛቱ የግድ ነው። ሁለተኛው 75 ከመቶ፣ ሦስተኛው 50፣ አራተኛው 25። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሳትፈራ ምታ፣ ከሁለተኛው ጀምሮ ኤችፒ ካላስፈለገህ በሳይኪክ ቀጥል። ሳይኪክ ተኛ ነቃ አይልም። ሳፍሮን ሲቲ ሚስተር ሳይኪክ ቤት ግባና ቲኤም 29ን ተቀበለው፣ ያ ሳይኪክን ማስተማሪያ ዕቃ ነው፣ እስካሁን ካልወሰድከው እዛው ይጠብቅሃል።

ሌላው ብዙ ሰው ሚረሳው ነገር ፉል ሪስቶር ነው። አጋታ ፖኬሞኗ ኤችፒው ከሩብ በታች ሲወርድ ፉል ሪስቶር ታጠጣዋለች፣ እሱ ደግሞ ኤችፒ መሙላት ብቻ አይደለም፣ እንቅልፉንም ያነሳል፣ ዕቃ ደግሞ ከማንኛውም ሙቭ ይቀድማል። ስለዚህ ኤችፒው ቀይ ሲሆን "አንድ ድሪም ኢተር ይጨርሰዋል" ካልክ ያኔ ነው ሚበላሽብህ።


ንፁህ_ዳሜጅ፦

እኔ በግልፅ ልናገር፣ አጥፋው ባይ ነኝ። ድሪም ኢተር ፓወሩ 100 ነው፣ ሳይኪክ 90። በ10 ፓወር ልዩነት ብለህ አንድ ሙሉ ተርን ለማስተኛት ታባክናለህ፣ ሂፕኖሲስ ደግሞ አኩሬሲው 60 ነው፣ ከ10 ጊዜ 4ቱ ይስታል ማለት ነው። ሁለት ተርን ሳይኪክ ብትመታ 180 ፓወር አወጣህ፣ ሂፕኖሲስና ድሪም ኢተር ብትል ቢሳካልህ እንኳ 100። የአጋታ 5ቱም ፖኬሞኖች ፖይዝን ታይፕ አለባቸው፣ ጌንጋር ሁለቱ፣ ጎልባት፣ ሃውንተር፣ አርቦክ፣ ሁሉም ለሳይኪክ ታይፕ እጥፍ ነው ሚጎዱት። በሳይኪክ ብቻ ግባ ጨርስ ውጣ።


ጌንጋር_ሰፈር፦

ንፁህ_ዳሜጅ ሂሳብህ ትክክል ነው ግን ግማሹን ነው ያሰላኸው። የተኛ ፖኬሞን አይመታም። ሂፕኖ ስፔሻል አታኩ 73 ነው፣ እንደ አላካዛም ኃይለኛ አይደለም፣ አንድ ሳይኪክ መትቶ ጌንጋርን አይጥልም፣ መከላከያውም 70 ነው፣ እዚህ ጀነሬሽን (የጌሙ ትውልድ) ላይ ሻዶው ቦል ፊዚካል ነው ማለትም ጥሩ የሆነውን 115 ስፔሻል ዲፌንሱን ትቶ በደካማው ነው ሚገባበት። ሁለት ሻዶው ቦል ከበላ ሞተ። ድሪም ኢተር ደግሞ ካደረሰው ጉዳት ግማሹን ኤችፒ ይመልስልሃል፣ በእጥፍ ጉዳት ላይ ሲሆን ግማሹ ራሱ ትልቅ ነው። አንድ ተርን አላባከነም፣ አንድ ሻዶው ቦል ነው ያስቀረው፣ አንድ ፖሽንም ነው ያተረፈው። ሁለቱንም ይያዝ ነው ምለው እኔ።


ፋየርሬድ_ልጅ፦

እናንተ ሰዎች በጣም አመሰግናለሁ፣ የፍጥነቱን ነገር በጭራሽ አላሰብኩትም ነበር፣ እኔ ራሴ ስመታው ነው ሚነቃው ብዬ ሂፕኖሲስ ደጋግሜ ስጨምርበት ነበር። አንድ ነገር ልጠይቅ፣ የአጋታ ሃውንተር ራሱ ሂፕኖሲስና ድሪም ኢተር አለው አይደል? ሂፕኖዬን አስተኝቶ ሕልሙን ቢበላበትስ?


ሰላም_እንቅልፍ፦

አይችልም ወንድሜ፣ በዚህ በኩል ሂፕኖህ ሰላም ነው። ሂፕኖ ኢንሶምኒያ የሚባል የተፈጥሮ ችሎታ ነው ያለው፣ ጭራሽ እንቅልፍ አይዘውም፣ ካልተኛ ደግሞ ድሪም ኢተር አይሰራበትም። የሌላውን ሕልም ይበላል የሱን ግን ማንም አይበላበትም፣ ይሄን ነገር መጀመሪያ ሳነብ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ለአጋታ ሃውንተር ከሂፕኖ የባሰ ባላጋራ የለም።

ስለ ድሮውዚ ካነሳችሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር፣ ጃፓኖች ባኩ የሚሉት ከጥንት ጀምሮ በተረታቸው ያለ እንስሳ አለ፣ የሰው ቅዠት ይበላል ይላሉ፣ ልጅ ቅዠት አይቶ ሲነቃ ባኩ መጥቶ ሕልሜን ይብላልኝ ይላል። ቴፒር የሚባለውን አፍንጫው ረዘም ያለ እውነተኛ እንስሳም በዛው ባኩ በሚለው ስም ነው ሚጠሩት፣ ድሮውዚን አፍንጫውን እዩት፣ ልክ ቴፒር ነው። በ1996 ጃፓን ውስጥ የመጀመሪያዎቹ የፖኬሞን ጌሞች ሬድና ግሪን ሲወጡ ጀምሮ ያለ ነው። ፖኬዴክሱም (የጌሙ የፖኬሞን መዝገብ) ላይ መጥፎ ሕልም ሲበላ አንዳንዴ እንደሚያመው ተፅፏል። እኛ ጋ አያቴ ሌሊት ተጭኖኝ መንቀሳቀስ አቅቶኝ ስነቃ ዱካክ ነው ትለኝ ነበር፣ ዱካክ መጥቶ ይጫናል እንጂ ሕልሙን በልቶ አይገላግልም፣ ልጅ ሆኜ ያ የጃፓኖቹ እንስሳ እኛም ሰፈር ቢኖር እል ነበር። ለዛ ነው ድሮውዚን በጨዋታ ሳገኘው ማልለቀው፣ ሌሎች ደካማ ነው ቢሉኝም።


ስፖር_ከቨርጂኒያ፦

ፋየርሬድ ላይ ጌንጋር_ሰፈር ያለው ልክ ነው፣ ምጨምረው የለኝም። እኔ ኦንላይን ከሰው ጋር ስለምጫወት ከዛ በኩል ያለውን ልንገራችሁ ምክንያቱም ድሪም ኢተር እዛ ላይ ለምን እንደማይታይ ብዙ ሰው ይጠይቃል። ኮምፒውተሩ የተኛውን ፖኬሞን ዝም ብሎ ያስቀምጥልሃል፣ ሰው ግን ወዲያው ሌላ ይቀይርብሃል፣ የገባው ደግሞ ነቅቶ ነው ሚገባው፣ ዳርክ ታይፕ ከሆነማ ሳይኪክ ሙቭ ጭራሽ አይነካውም። ስለዚህ እንቅልፉን ብቻ ነው ሰዉ ሚፈልገው፣ ድሪም ኢተሩን አይደለም።

እንቅልፍ ራሱ ግን ከባድ መሳሪያ ነው፣ ጌሙን ሚሰሩት ሰዎች ራሳቸው ሲቀንሱት ነው የኖሩት። የመጀመሪያው ጀነሬሽን ላይ እስከ 7 ተርን ነበር፣ የነቃበትንም ተርን መምታት አይችልም ነበር፣ አስቡት። አሁን ከ1 እስከ 3 ነው። ስፖር የሚባለው ማስተኛ ሙቭ 100 አኩሬሲ ነበረው፣ አሁንም አለው፣ ግን ከ2013ቱ ኤክስና ዋይ ጌሞች ጀምሮ ግራስ ታይፖች ላይ እንደ ስፖር ያለ የዱቄት ሙቭ አይሰራም ተባለ። ከሁሉ ያናደደኝ ዳርክ ቮይድ ነበር፣ የዳርክራይ የሚባለው ፖኬሞን ሙቭ ነው፣ ደብል ባትል ላይ ሁለቱንም ተጋጣሚ ባንዴ ያስተኛል፣ አኩሬሲው 80፣ ስሚርግል የሚባለው ፖኬሞን ደግሞ ስኬች በሚባል ሙቭ ቀድቶ ይጠቀምበት ነበር፣ ሁለቱም ፖኬሞኖቼ አንድም ሙቭ ሳያወጡ ተኝተው ያለቁበት ቀን አለ፣ ስክሪኑን እያየሁ ቁጭ ነው ያልኩት። ሰንና ሙን የሚባሉት ጌሞች ላይ አኩሬሲውን ወደ 50 አወረዱት፣ ከዳርክራይ ሌላም እንዳይጠቀምበት አደረጉት፣ ትክክለኛ ውሳኔ ነው እላለሁ። ስሞገኖች (የኦንላይን ፍልሚያ ሕግ ሚያወጡት የተጫዋቾች ማኅበረሰብ) ድሮ ከተጋጣሚ ቲም ከአንድ በላይ ማስተኛት አይቻልም የሚል ሕግ ነበራቸው፣ በ2024 ደግሞ ዋናው የስካርሌትና ቫዮሌት ፎርማታቸው ላይ ማስተኛ ሙቮችን አገዱ። በዕጣ ስንት ተርን እንደምትቀመጥ ሳታውቅ መጫወት ችሎታን ይሸፍናል፣ እኔ በዚህ እስማማለሁ፣ ብቻህን ከኮምፒውተር ጋር ስትጫወት ግን ማንንም አልበደልክም፣ ተጠቀምበት።


ንፁህ_ዳሜጅ፦

ጌንጋር_ሰፈር፣ የኢንሶምኒያውንና የፉል ሪስቶሩን ነገር አስቤው ሳይኪክና ድሪም ኢተርን አብሮ መያዙ ይሻላል፣ ሃሳቤን ቀይሬያለሁ። ሄድበት የሚባለው ሙቭ ካለው እሱን ያጥፋ፣ ጎስት ላይ አይሰራም።


ፋየርሬድ_ልጅ፦

ሰዎችዬ አለፍኩ!! ሳፍሮን ሄጄ ቲኤም 29ን ወሰድኩ፣ ሄድበትን አጥፍቼ ሳይኪክን አስገባሁ፣ ሂፕኖን ሌቭል 55 አድርሼ ገባሁ።

ሃውንተሯ ላይ እንዳላችሁት ነው የሆነው፣ ሂፕኖን ሊያስተኛው እንኳ አልሞከረም፣ ከርስ ነው የተጠቀመው፣ እሱ ደግሞ የራሱን ኤችፒ ግማሽ ያስከፍለዋል፣ አንድ ሳይኪክ ጨረሰው። እኔ ግን ከርሱ በየተርኑ ሩብ ሩብ እየወሰደብኝ ስለነበር ቀይሬ አወጣሁት፣ ሲወጣ ጠፋለት።

የመጨረሻው ጌንጋር ላይ ነው ልቤ የቆመው። በሃይፐር ፖሽን ሞልቼ ሂፕኖን መለስኩት፣ ጌንጋሩ ቀድሞ ሻዶው ቦል መታ፣ ኤችፒዬ 178 ከነበረው 63 ቀረ፣ ሌላ አንድ ቢደግመኝ አበቃ። ሂፕኖሲስ ጫንኩ፣ ስልኩን ዓይኔ ላይ አስጠግቼ እያየሁ፣ ያዘ! የመጀመሪያው አይከሽፍም ስላልከኝ ሳልፈራ ድሪም ኢተር መታሁ፣ ጌንጋሩ ቀይ ገባ፣ እኔ ወደ 130 ተመለስኩ። ድሮ ቢሆን እዛው ድሪም ኢተር እደግም ነበር። ፉል ሪስቶር ብለኸኝ ስለነበር ሳይኪክ መረጥኩ፣ በእውነትም አጠጣችው፣ ሙሉ ሆኖ ነቃ፣ ሳይኪኩ ግን ገባለት። በሚቀጥለው ተርን ሻዶው ቦል በላሁ፣ 14 ኤችፒ ቀረኝ፣ አስራ አራት! ከዛ ሳይኪክ፣ አለቀ።

ጌንጋር_ሰፈር ወንድሜ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁላችሁም። አሁን የኤሊት ፎር የመጨረሻው ላንስ ጋ ነኝ፣ ሂፕኖ ድራጎናይቱን ለማስተኛት ፖሽን ይዤ ልግባ ወይስ አይስ ታይፕ ላስቀድም?