ከባልቲሞር ክሩዝ ከሦስት ልጆች ጋር፣ ያውም በፍልሰታ፦ ወረቀቱ፣ ክፍሉና ምግቡ

የሦስት ልጆች እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። በኦገስት ሁለተኛው ሳምንት ከባልቲሞር ተነስቶ ባሃማስ ደርሶ የሚመለስ የ7 ሌሊት ክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) ልንይዝ ነው። 5 ነን። እኔ ግሪን ካርድና የኢትዮጵያ ፓስፖርት አለኝ፣ ባለቤቴ የአሜሪካ ዜጋ ነው፣ ልጆቹ እዚሁ የተወለዱ የ9 ዓመት፣ የ5 ዓመትና የ14 ወር ናቸው። ለልጆቹ የልደት ሰርተፍኬት ይበቃል ወይስ ፓስፖርት የግድ ነው? የእኔና የልጆቹ የአባት ስም አይገጥምም፣ ችግር ያመጣል? 5ታችንስ አንድ ክፍል ይበቃናል? ደግሞ ፍልሰታ ነው፤ ትልቁ ልጅ ይጾማል። እንጀራና በሶ ይዞ መግባት ይቻላል?

ወረቀት አዋቂ፦
እህቴ፣ ሰው ከወደብ የሚመለሰው በወረቀት ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ከባልቲሞር ተነስቶ ባልቲሞር በሚመለስ ጉዞ ዜጋ የሆነ ሰው ያለ ፓስፖርት መሳፈር ይችላል። ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የልደት ሰርተፍኬት ይበቃዋል፤ ግን ስቴቱ ወይም ካውንቲው የሰጠው፣ ማኅተም ያለበት ይሁን። ልጅ ሲወለድ ሆስፒታሉ የሚሰጠው የእግር አሻራ ያለበት ወረቀት አያገለግልም። ባለቤትሽ ፓስፖርት ከሌለው የዜግነት ሰርተፍኬቱንና ፎቶ ያለበት መታወቂያ ይያዝ።

ይህ ሁሉ ግን በመርከብ ለሚመለስ ሰው ነው። ልጅ የባሃማስ ዋና ከተማ ናሳው ላይ ታሞ ከመርከቡ ቢወርድ በልደት ሰርተፍኬት አውሮፕላን ላይ የሚያሳፍረው የለም። ስለዚህ ፓስፖርት አውጡላቸው እላለሁ። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ክፍያው 135 ዶላር ነው፣ 5 ዓመት ያገለግላል። አባትም እናትም ከልጁ ጋር በአካል መቅረብ አለባችሁ፤ አንዳችሁ ካልተመቻችሁ በኖተሪ ፊት የተፈረመ የፈቃድ ፎርም ያስፈልጋል።

ያንቺን በተመለከተ፣ ባሃማስ የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ያለ ቪዛ የምታስገባው ከአገሩ ፓስፖርት ጋር ነው። ፓስፖርትሽ ጊዜው ካለፈ ወይም ሊያልፍ ከሆነ እድሳቱን ዛሬውኑ ጀምሪ። መርከቡ ሌላ አገርም የሚቆም ከሆነ የዚያን አገር ሕግ ለብቻው አጣሪ፤ የባሃማሱ ለሌላው አይሠራም።

ስለ ስም፦ የሀበሻ ቤተሰብ ወረቀቱ ሲደረደር እናት በአባቷ፣ አባት በአባቱ፣ ልጆች በአባታቸው ወይም በአያታቸው ስም ይመጣሉ። መዝጋቢው ይህን ልማድ አያውቅም፤ ሦስት የማይዛመዱ ሰዎች ይመስሉታል። የልደት ሰርተፍኬቱ ላይ የእናትም የአባትም ሙሉ ስም ስላለ፣ ልጆቹ ፓስፖርት ቢኖራቸውም ሰርተፍኬቱን አብራችሁ ያዙ። ቲኬት ስትቆርጪ ስሙን ከምትይዢው ወረቀት ላይ ፊደል በፊደል ገልብጪ። አለማየሁ በአንዱ ወረቀት በአንድ ኤል፣ በሌላው በሁለት ኤል ተጽፎ ከሆነ ከጉዞው ሳምንታት ቀድመሽ አስተካክይው። አንዳችሁ ብቻችሁን ከልጆቹ ጋር የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ የሌላው የፈቃድ ደብዳቤ በኖተሪ ተረጋግጦ ይያዝ።

መሐል ካቢን፦
5 ሰው በአንድ ክፍል እንዳታስቢ። ሕፃኑም እንደ አንድ ሰው ይቆጠራል፤ ምክንያቱም ቁጥሩ የተያያዘው ከሕይወት አድን ጀልባው ወንበር ጋር ነው። አብዛኛው ክፍል ቢበዛ 4 ሰው ይይዛል፤ ሦስተኛውና አራተኛው አልጋ ከግድግዳ ወይም ከጣሪያ ወርዶ የሚዘረጋ ስለሆነ ለ5 ዓመቱ ልጅ የላይኛውን አልመክርም።

በውስጥ በር የሚገናኙ ሁለት ክፍሎች ጠይቂ። ካልተገኘ አንዱን መስኮት ያለው፣ ሌላውን ኮሪደሩን ተሻግሮ ፊት ለፊት ያለ መስኮት የሌለው ብትይዙ ይረክሳል። ሲመዘገብ በየክፍሉ አንድ አዋቂ መኖር አለበት፦ አንቺ ከሁለቱ ትንንሾች፣ ባለቤትሽ ከትልቁ ጋር ተመዝገቡ። መርከቡ ላይ ከእንግዳ መቀበያው ተጨማሪ ቁልፍ ወስዳችሁ እንደፈለጋችሁ ትተኛላችሁ። መስኮት የሌለው ክፍል መብራት ሲጠፋ ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ የሌሊት መብራት ያዙ።

ዋጋ ስታወዳድሪ የመጨረሻውን ድምር ብቻ ተመልከቺ። በአንድ ክፍል የሦስተኛና የአራተኛ ሰው ቲኬት ይረክሳል፣ የወደብ ክፍያና ታክስ ግን ለሁሉም እኩል ነው። የሠራተኛ ጉርሻም በሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ይታሰባል፣ ልጅም ይከፍላል፤ ሕፃናትን ነፃ የሚያደርጉ ኩባንያዎች አሉ። በ17 ዶላር ብታሰይው ለ5 ሰው ለ7 ቀን 595 ዶላር ነው።

ከባልቲሞር የሚነሱት መካከለኛ መርከቦች ናቸው። ግዙፎቹ የቼሳፒክ ቤይ ድልድይ ያግዳቸዋል፤ ከውኃው በላይ ያለው ክፍተት 186 ጫማ ገደማ ነው። ትልልቅ የውኃ መንሸራተቻ የሚፈልግ ፍሎሪዳ ወዳሉት ማያሚ ወይም ፖርት ካናቬራል መሄድ አለበት። ለእናንተ ግን 5 የአውሮፕላን ቲኬት ማስቀረቱ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ባሕሩ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ጸጥ ያለ ነው፤ መርከቡ ገና በቼሳፒክ ቤይ (በባሕረ ሰላጤው) ውስጥ ነው። ማዕበሉ የሚመጣው ከቤዩ አፍ ወጥቶ ሰሜን ካሮላይና ጠረፍ ላይ ያለው ኬፕ ሃተራስ አካባቢ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ክፍላችሁ መርከቡ መሐል ላይ፣ ከታችኞቹ ፎቆች በአንዱ ይሁን፤ ጫፍና ጫፉ ነው አብዝቶ የሚወዛወዘው። ለልጆች የሚታኘክ ድራማሚን (የማቅለሽለሽ መድኃኒት) ከ2 ዓመት ጀምሮ ነው፤ የሚሠራው ማቅለሽለሹ ሳይጀምር ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲወሰድ ነው፣ ካስታወከ በኋላ ብዙም አይረዳም። መጠኑን የልጆቹን ሐኪም ጠይቂ። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው የማቅለሽለሽ መድኃኒት ለልጅ አይደለም።

ኦገስት የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው፣ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30። ካፒቴኑ ወደብ ሊቀይር ይችላል። የጉዞ ኢንሹራንስ የሚጠቅመው አውሎ ነፋሱ ስም ሳይወጣለት የተገዛ ከሆነ ነው፤ የሕክምናና በአደጋ ጊዜ የማጓጓዣ ወጪን መሸፈኑንም አረጋግጪ።

የጾም ሳህን፦
እንጀራ ከቤት አይገባም። የሚፈቀደው በፋብሪካ የታሸገና ያልተከፈተ ደረቅ ምግብ ነው፦ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቴምር፣ ለውዝ። በሶም ከሱቅ የተገዛ፣ ጽሑፍ ያለበት እሽግ ከሆነ ይሻላል፤ በላስቲክ የተቋጠረ ዱቄት ፍተሻ ላይ ጥያቄ ያስነሳል። የሕፃን ምግብ ችግር የለውም። ከሰል፣ ዕጣን፣ ሻማ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ካውያ በእሳት ፍርሃት የተከለከሉ ናቸው፤ ለጸሎት የሚያዝ ጧፍም አይቀርለትም።

ስለ ጾሙ ዋናው ነገር ቃሉ ነው። «ቬጀቴሪያን» ካልሽ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ይመጣል፤ «ቬጋን» በይ። ቲኬቱ ሲቆረጥ አስመዝግቢው፣ የመጀመሪያው ማታ ደግሞ ለዋናው አስተናጋጅ ድገሚለት። ብዙ ጊዜ የነገውን ምናሌ ዛሬ ማታ አምጥቶ ያስመርጣችኋል። በትልልቆቹ ኩባንያዎች የህንድ የአትክልት ምግብ በየማታው ማለት ይቻላል ይገኛል፤ ምስሩና ሽምብራው ለእኛ ልጅ አፍ እንግዳ አይደለም። ግን መጨረሻ ላይ ቅቤ ወይም እርጎ ጣል ይደረግበታልና ሳይጨመርበት እንዲሠራ ጠይቂ።

የሚያሳስቱት ጾም የሚመስሉት ናቸው፦ በቅቤ የታሸ ሩዝ፣ በቅቤ የተለበለበ ካሮት፣ በዶሮ መረቅ የተሠራ የአትክልት ሾርባ፣ የአሳማ ሥጋ የገባበት የቁርስ ባቄላ፣ በወተት የተገነፋ አጃ። ፓስታ በቲማቲም ሱጎ፣ ጥብስ ድንች፣ ፍራፍሬ፣ ሰላጣ፣ በውኃ የተሠራ አጃ ከአኩሪ አተር ወተት ጋር የ9 ዓመት ልጅ ጠግቦ የሚውልባቸው ናቸው።

የሦስት ልጆች እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የ14 ወሯስ? ገንዳ ትገባለች? ልጆች መዋያው ይቀበላታል?

ጋሪ ገፊ፦
መሳፈር ትችላለች፤ በአብዛኛው ዝቅተኛው ዕድሜ 6 ወር ነው፣ ውቅያኖስ ለሚያቋርጥ ጉዞ 12 ወር። ዋናው ገንዳ ግን ዳይፐር ያለ ልጅ አይገባም፣ የዋና ዳይፐርም ቢሆን። አንዳንድ መርከብ ላይ ለሕፃናት የተለየ የውኃ መጫወቻ ስላለ ሳትከፍሉ በፊት የመርከቡን ስም ጠቅሰሽ ጠይቂ።

መዋያው ነፃ ነው፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ግን በሰዓት ያስከፍላል። ከመርከብ ኩባንያዎቹ ሮያል ካሪቢያን ከ3 ዓመት ጀምሮ፣ ከዳይፐር የወጣ ልጅ ይቀበላል፤ ካርኒቫል ከ2 ዓመት። ሕፃኗ አትገባም። ልጆች በዕድሜ ስለሚመደቡ የ9ና የ5 ዓመቶቹ አንድ ክፍል ላይሆኑ ይችላሉ፤ ትንሹን ቀድመሽ አዘጋጂው። ምዝገባው የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት ላይ ነው።

ዳይፐር በቀን 8 ካሰብሽ ለ7 ቀን 56 ነው፤ 75 ያዢ፣ መርከቡ ላይ ውድ ነው። የሕፃን አልጋ ቀድመሽ በስልክ አስይዢ። ጋሪው ታጥፎ ጠባብ የሚሆን ይሁን፤ የክፍሉ በር ሰፊ አይደለም።

የመጀመሪያው ቀን ሻንጣ ክፍል እስኪደርስ ሊመሽ ይችላል። መድኃኒት፣ ወረቀት፣ ዳይፐር፣ የዋና ልብስና አንድ ቅያሪ በእጅ ቦርሳ ይሁን። መርከቡ ለየልጁ የሚሰጠው ካርድ እንደ ገንዘብ ያገለግላልና የመግዛት ፈቃዱን መቀበያው ላይ አዘጊ፤ የጌም ማሽኑ ቤት ያለ ገደብ ይቆርጣል። ከምግብ በፊት እጃቸውን በሳሙና አስታጥቢ፤ መርከብ ላይ የሚዛመተውን ኖሮቫይረስ (የሆድ በሽታ አምጪ ቫይረስ) የእጅ ማጽጃ ጄል በደንብ አይገድለውም። የመጨረሻው ማታ ሻንጣው በር ላይ ሲወጣ የነገውን ልብስና ጫማ ለሁሉም ልጅ አስቀርታችሁ ነው።