ለደኅንነት ግራንት ማን ይገምግምልን? ማን ይጻፍልን? ምን እንግዛ?

ጥያቄ፦ ሰበካ ጉባኤያችን የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለትርፍ ላልቆሙ ድርጅቶች የሚሰጠውን የደኅንነት ግራንት (የማይመለስ የገንዘብ ድጋፍ) ለማመልከት ወስኖ ጉዳዩን ለእኔ ሰጥቶኛል። የምንገኘው በዋሽንግተን ዲሲ አቅራቢያ፣ በሜሪላንድ ነው። አንድ የካሜራ ድርጅት ከማመልከቻው ጋር የሚያያዘውን የሕንፃ ደኅንነት ግምገማ በነጻ እሠራላችኋለሁ ብሎናል፤ አንድ አማካሪ ደግሞ ማመልከቻውን ጽፌ ከሚገኘው ገንዘብ አሥር በመቶ ይታሰብልኝ ይላል። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ብትጠቁሙን።

መልስ፦ ሁለቱንም ባትቀበሉ እመክራለሁ። እኔ በጸሐፊነት የማገለግልበት ሰበካ ጉባኤ ሁለቱንም ሞክሮ አንድ ሙሉ ዓመት አባክኗል።

አስቀድሞ ማመልከቻው የት እንደሚገባ እወቁ። ገንዘቡ ፌማ ከተባለው የፌዴራል የአደጋ አስተዳደር ኤጀንሲ ቢመጣም ማመልከቻውን የሚቀበለው በየስቴቱ ግራንቱን እንዲያስተዳድር የተወከለው መሥሪያ ቤት ነው። ደብራችሁ ሞንትጎመሪ ወይም ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥ ከሆነ የዋና ከተማው ቀጣና ድርሻ የሚስተናገደው በዲሲው የአገር ደኅንነትና የድንገተኛ አደጋ መሥሪያ ቤት በኩል ነው፤ ከቀጣናው ውጭ ያለ ደብር ግን በሜሪላንድ በኩል ይሄዳል። እነዚህ መሥሪያ ቤቶች የሚቆርጡት መዝጊያ ቀን ፌማ ከቆረጠው ስለሚቀድም፣ የፌማን ቀን ብቻ ይዞ የተቀመጠ ሰው በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል። ከግብር ነጻ መሆንን የሚያረጋግጠው የ501(ሲ)(3) ደብዳቤ የለንም ብላችሁም አትስጉ፤ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች የሕጉን መስፈርት እስካሟሉ ድረስ ለፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት (አይ አር ኤስ) ሳያመለክቱም ከግብር ነጻ ሆነው ይቆጠራሉ። ዩ ኢ አይ የተባለውን መለያ ቁጥር ግን ሳም ከተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ዛሬውኑ አውጡ። አገልግሎቱ ነጻ ነው፤ ላውጣላችሁ ብሎ ሂሳብ የሚልክላችሁን ሰው አትመልሱለት።

ወደ ገምጋሚው ስንመጣ፣ የካሜራ ነጋዴ ሕንፃችሁን ሲገመግም የሚያየው የጎደለ ካሜራ ነው። ለእኛ የተጻፈልን ሪፖርት ሃያ ገጽ ሆኖ መፍትሔው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ካሜራ ነበር። የከፋው ግን ሌላ ነው፤ በፌዴራል የግዥ ደንብ መሠረት የሥራውን ዝርዝር ያዘጋጀ ድርጅት በዚያው ሥራ ጨረታ ሊወዳደር አይችልም። ይህን ስንነግረው ነጻ ያለው ግምገማ በድንገት ዋጋ ወጣለት። በማግስቱ ዓመት ሲሳ በሚል አጠራር የሚታወቀውን የሳይበርና የመሠረተ ልማት ደኅንነት ኤጀንሲ ጠየቅን። የኤጀንሲው የደኅንነት አማካሪዎች ያለ ክፍያ መጥተው ይገመግማሉ፤ የሚሸጡት ዕቃም የላቸውም። ወደ እኛ የመጣው ባለሙያ ካሜራዎቻችንን አልፎ በቀጥታ የሄደው ወደ ጎን በር ነበር። በሩ የአደጋ ጊዜ መውጫ ነው፤ እኛ ግን የጫማ መደርደሪያ አስደግፈንበት ነበር። ለስንት ዓመት ጫማችንን እዚያው ስናወልቅ ማናችንም ልብ አላልነውም። የአማካሪው ቀጠሮ ሊዘገይ ስለሚችል የማመልከቻው ጥሪ ሳይወጣ ጠይቁ። እርሱ ካልተገኘ የአካባቢው ፖሊስ የወንጀል መከላከል ክፍል ሁለተኛው ምርጫ ነው፤ በክፍያ የሚሠራ የግል ገምጋሚ ሦስተኛ።

ጸሐፊውን በተመለከተ፣ ከሚገኘው ገንዘብ በመቶኛ መዋዋል የግራንት ጸሐፊዎች የሙያ ማኅበር በሥነ ምግባር ደንቡ የከለከለው አሠራር ነው። ደግሞም ቅጹ የሚጠይቀው የሰመረ እንግሊዝኛ አይደለም፤ ስለ ሕንፃው በቂ እውቀት ነው። በመጀመሪያው ዓመት «በሮቻችን ደካሞች ስለሆኑ ምእመናን ይሰጋሉ» ብለን ጽፈን ወደቅን። በሁለተኛው «በትንሣኤ ሌሊት ምእመናን ባዶ እግራቸውን በጨለማ የሚወጡበት የጎን በር ከውጭ በአንድ እጅ ጉተታ ይከፈታል፤ በሩ የሚታይበት መብራትም ሆነ ካሜራ የለም» ስንል የግምገማውን ገጽ ቁጥር ከጎኑ አስቀመጥን። በዛቻው ክፍል የፖሊስ ሪፖርት ቁጥሮችንና በፖስታ የመጣልንን ስም የለሽ ደብዳቤ ጠቀስን። የምትጠይቁት ዕቃ ሁሉ በግምገማው ላይ ከተጻፈ ክፍተት ጋር መያያዝ አለበት፤ ያልተያያዘው ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ከዕቃዎቹ እኔ የማስቀድመው በርን ነው። ከውጭ ተቆልፎ ከውስጥ በመግፋት ብቻ የሚከፈት ፓኒክ ባር ያለው የብረት በር፣ ከዚያ መብራት፣ ከዚያ ካሜራ። በመስታወት ላይ የሚለጠፈው ፊልም ጥይት አያቆምም፤ ነገር ግን የተሰበረውን መስታወት አንድ ላይ ይዞ ሰብሮ የሚገባውን ሰው ስለሚያዘገይ ትልልቅ መስኮት ላለው አዳራሽ ይጠቅማል። ካሜራ ስትገዙ የአምራቹን ስም ከውሉ ላይ አንብቡ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የበጀት ዓመት የመከላከያ ሕግ መሠረት የሂክቪዥን፣ የዳሁዋ፣ የሁዋዌ፣ የዜድ ቲ ኢና የሃይቴራ የቪዲዮና የመገናኛ መሣሪያዎች በፌዴራል ግራንት ገንዘብ አይገዙም። አንዳንዱ ካሜራ በሌላ ስም ታሽጎ ስለሚሸጥ የሻጩን የጽሑፍ ማረጋገጫ ያዙ።

ስለ ገንዘቡ፦ እ.ኤ.አ. በ2024 የበጀት ዓመት በመደበኛው ዙር ለአንድ ቦታ የሚጠየቀው ጣሪያ 150,000 ዶላር ነበር። ነገር ግን ገንዘቡ በቅድሚያ አይሰጥም፤ እናንተ ከፍላችሁ ደረሰኝ አቅርባችሁ ይተካላችኋል። ስለዚህ የምትጠይቁት ልክ ሒሳብ ሹማችሁ ለጥቂት ወራት ሊሸከመው በሚችለው ይወሰን። ፌማ የሚያደርገው የአካባቢና የታሪካዊ ቅርስ ምርመራ አልቆ ፈቃዱ ሳይደርሳችሁም ግድግዳ አትብሱ፤ ቀድሞ የተሠራ ሥራ ሊተካ አይችልም።

ሌላ መልስ፦ በአብዛኛው እስማማለሁ፤ በጸሐፊው ላይ ግን አልስማማም። የእኛ መስጊድ ኮሚቴ አባላት ቀን ሥራ፣ ማታ ሥራ ናቸው፤ ጥሪው ወጥቶ እስኪዘጋ ያለው ጊዜም ጥቂት ሳምንታት ነው። ክፍያው አስቀድሞ ከታወቀና ከውጤቱ ጋር ካልተያያዘ፣ ጸሐፊ መቅጠር ነውር የለበትም፤ መረጃውን ግን እኛው ሰበሰብን። ሜሪላንድ በጥላቻ ወንጀል ለሚሰጉ ድርጅቶች የራሷ ግራንት እንዳላትም አስቡ። ስለ ጥበቃ ሠራተኛም ልጨምር፦ ግራንቱ በኮንትራት የሚቀጠር ጥበቃን ይፈቅዳል፤ ለዐርብ ሶላት ሰዓት ብቻ ቀጥረን ጠቅሞናል። ይሁን እንጂ የግራንቱ ዘመን ሲያልቅ በሩ ይቀራል፣ ጥበቃው ይሄዳል፤ ምእመኑ ደግሞ ለምዶታል።

ጠያቂ፦ ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። የምንገለገልበት ሕንፃ ኪራይ መሆኑ ያግደናል?

መልስ፦ አያግዳችሁም፤ ማመልከቻው በሚገባበት ጊዜ በቦታው እየተገለገላችሁ መሆን ግን አለባችሁ፤ ወደፊት ለምትገዙት ሕንፃ አይጠየቅበትም። በርና አጥር ከመጻፋችሁ በፊት የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ፤ የእኛው አከራይ ለበሩ እሺ ብሎ አጥሩን ከልክሎናል። የጫማ መደርደሪያውን ግን ማንንም ሳንጠብቅ በዚያው እሑድ ወደ ሌላኛው ግድግዳ አዛውረነዋል።