ስፓኒሽ ላይ «እንድትናገር እፈልጋለሁ» ሲባል ግሱ ለምንድነው የሚቀያየረው?

ጣና_ዳር፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። ባህር ዳር አስጎብኚ ነኝ፣ የስፔን እንግዳ ሲመጣ ዘጌም ጢስ ዓባይም ስለምወስድ ስፓኒሽ በስልክ አፕ ጀምሬ ጥሩ እየሄድኩ ነበር፣ አሁን ግን ሰብጀንክቲቭ የሚሉት (ፍላጎት፣ ጥርጣሬ ምናምን ሲሆን የሚመጣው የግስ ቅርጽ) መጥቶ አተረማመሰኝ። «አብላ» ይናገራል ነው ብዬ ይዤ፣ «ኪዬሮ ኬ» (እንዲህ እንዲሆን እፈልጋለሁ) ሲቀድመው «አብሌ» ይሆናል፣ «ኮሜ» ይበላል ስል ደሞ «ኮማ» ይመጣል። አፑ ቀይ ያበራል እንጂ ምክንያቱን አይነግርም። እሱንም እኮ መደበኛ ግስ ነው የሚሉት። የገባው ሰው በናታችሁ

የማርቆስ_ልጅ፦
ወንድሜ አመሰራረቱ ቀላል ነው። «እኔ» የሚለውን የአሁን ጊዜ ያዝ፣ አብሎ (እናገራለሁ)፣ ኮሞ (እበላለሁ)፣ ቢቦ (እኖራለሁ)፣ መጨረሻዋን «ኦ» ጣልና አናባቢውን አገላብጥ፦ መነሻ ግሱ እንደ አብላር በአር የሚያልቀው ኤ ይይዛል፣ በኤርና በኢር የሚያልቁት አ። በእኔ፣ አንተ፣ እሱ፣ እኛ፣ እናንተ፣ እነሱ ቅደም ተከተል አብሌ፣ አብሌስ፣ አብሌ፣ አብሌሞስ፣ አብሌይስ፣ አብሌን። ኮሜር ደሞ ኮማ፣ ኮማስ፣ ኮማ፣ ኮማሞስ፣ ኮማይስ፣ ኮማን፣ ቢቢርም እንደሱ ቢባ ቢባስ እያለ ይሄዳል። እኔና እሱ አንድ ዓይነት ናቸው፣ አትደንግጥ

ዳንግላ፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው ግን መቼ እንደሚመጣ ነው ዋናው። እኛም እኮ «ትናገራለህ» እና «እንድትናገር እፈልጋለሁ» እንለያለን፣ ሁለተኛው ጋ «አለህ» ይወድቃል። ፈላጊውና ተናጋሪው አንድ ሰው ከሆነ ደሞ «መናገር እፈልጋለሁ» ነው፣ እነሱም ኪዬሮ አብላር ብለው ይጨርሳሉ። እንዲህ ብለህ ያዘው ግን ሙሉ በሙሉ አትመነው፣ ጥርጣሬ ላይ ይከዳሃል። እኛ «የሚናገር አይመስለኝም» ስንል እንድ የለም፣ እነሱ ግን ኖ ክሬዮ ኬ አብሌ ነው የሚሉት፣ ሲያምኑ ነው ክሬዮ ኬ አብላ።

የማርቆስ_ልጅ፦
ለወደፊት «ስንደርስ» ማለትም አለ፣ ላንተ ስራ ይሄ ይበልጣል። ዘጌ ስንደርስ ለማለት ኩዋንዶ ዬጌሞስ ኣ ዘጌ፣ ገና ስላልደረሳችሁ። ስትጽፈው ከጂ ቀጥሎ ዩ አስገባ፣ ካላስገባህ ጂዋ «ሄ» ተብላ ትነበባለች።

ጣና_ዳር፦
ኧረ ተባረኩ!! ለስፔኖቹ ዓሣ እንድትበሉ ተስፋ አደርጋለሁ ለማለት ኤስፔሮ ኬ ኮማይስ ፔስካዶ ነው ኮማን?

ዳንግላ፦
ለስፔን ቡድን በወዳጅነት ከሆነ ኮማይስ፣ ከሜክሲኮ ከኮሎምቢያ የመጡ ከሆኑ ኮማን። በነገራችን ላይ በፈረንጆች 1618 ግሽ ዓባይ የመጣው ሚስዮናዊው ፔድሮ ፓኤዝ ስፔናዊ ነበር፣ አማርኛም ግዕዝም የቻለ፣ ስትወስዳቸው ጨምርላቸው፣ ደስ ይላቸዋል

ጣና_ዳር፦
አሪፍ ሐሳብ! እንግዲህ ኤስፔሮ ኬ ቢሲታይስ ግሽ ዓባይ ልላቸው ነው 😀

የማርቆስ_ልጅ፦
ቢሲቴይስ! ቢሲታር በአር ነው የሚያልቀው