«ወረቀት ተሸካሚ» የሚለው ቃል ይነሳልን

የአርበኛ የልጅ ልጅ፦ ትናንት እዚህ የተባለው አንገብግቦኛል። «አንድ ሹም ባልደረባውን በጦርነቱ ጊዜ ደህና አገልግሏል ብሎ ለንጉሥ ሲያመሰግን ደጅ ጥናት ነው። እነ ሎሬንዞ ታዕዛዝም ወረቀት ተሸካሚ ነበሩ» ተባለ። ሎሬንዞ እኮ ጣሊያን አገሩን ይዞ ሳለ በሱዳን በኩል ሾልኮ ጎጃም ገባ። የንጉሡን ደብዳቤ ለአርበኞች አደረሰ። ኤርትራ የተወለደ ሰው ነው፤ ቢያዝ ጣሊያን እንደ ከዳተኛ ነበር የሚቆጥረው።

ጎጃሜው፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አላነሳውም። ገባ፣ ተመለሰ። እዚያው የቀረውስ? በላይ ዘለቀ ዱር ቤቴ ብሎ ተዋጋ። ሎሬንዞ በ1933 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ፣ በላይ በ1937 ተሰቀለ። ቤተ መንግሥት የሚናገርለት ሰው አልነበረውማ!

መምህሯ፦ እንግዲያው ምስክርነት ይቅር ሳይሆን ለበላይም ተናጋሪ በኖረ ነው የሚባለው። ራስህ መለስከው።

ጎጃሜው፦ ማን ይናገርለት? በጣሊያን ጊዜ ከአገር የወጣ ስደተኛ የሚያነሳው ስደተኛን ነው።

መምህሯ፦ ስደተኛ ስትል ማንን ነው? ኢየሩሳሌም በችግር የኖሩትንም? ኬንያ ካምፕ ውስጥ የከረሙትንም? ሁሉንም በአንድ ከረጢት አትክተት።

ጎጃሜው፦ እነሱን አልነካሁም። ባንዳ የነበረ ሁሉ ከድል በኋላ ሲሾም ማን መሰከረበት? እሱን ንገሪኝ።

የአርበኛ የልጅ ልጅ፦ ወደ ባንዳ አትውሰደው። ወረቀት ተሸካሚ ላይ እንቆይ። አያቴ ቤት አንድ የብስኩት ጣሳ አለ። ውስጡ አለቃው ለበላዩ ሹም የጻፈለት ደብዳቤ ተቀምጧል። «መልእክት ሲያደርስ ሁለት ጊዜ ቆስሏል፤ ይታሰብ» ይላል። እጥፋቱ ላይ ቀለሙ ለቋል። እሱም ወረቀት ተሸካሚ ነበር በለኛ!

ጎጃሜው፦ አያትህን ነፍሳቸውን ይማር። የቆሰለ ሰው ሌላ ነው።

የአርበኛ የልጅ ልጅ፦ የያዘው ግን ወረቀት ነበር። ጥይት ያገኘውን አርበኛ፣ የሳተውን ተላላኪ ልንል ነው?

አዲስ ገቢ፦ አለቃው ባይጽፍለት ኖሮ ዛሬ እናንተም አታውቁትም ነበር።

ጎጃሜው፦ የእኔም አያት ዱር ነበሩ። የጻፈላቸው የለም። ጣሳም የለንም።

መምህሯ፦ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው በአካባቢው አለ?

ጎጃሜው፦ አንድ አዛውንት አሉ። ዓይናቸው ደክሟል።

የአርበኛ የልጅ ልጅ፦ ሳይመሽ ሄደህ አስጽፋቸው። ስለ ሎሬንዞ ግን አልተስማማንም።

ጎጃሜው፦ አንስማማም።